ትራንስፎርመሩ ስንት ዓመቱ ነው? ዘይቱን ብቻ አትጠይቁት

እ.ኤ.አ. ማርች 20 ቀን 2025፣ እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ በምዕራብ ለንደን ኖርዝ ሃይድ በሚባል ሰብስቴሽን ውስጥ አንድ ትራንስፎርመር በእሳት ተያያዘ። በማግስቱ ሂትሮው ኤርፖርት ተዘጋ። ከ1,300 በላይ በረራዎች ተስተጓጎሉ፣ 270 ሺህ ገደማ መንገደኞችም ጉዟቸው ተበላሸ። ብዙው ሰው ያን ቀን የሚያስታውሰው በመንገደኞቹ ወረፋ ነው። እኔን ግን ይበልጥ የያዘኝ ከሦስት ወር በኋላ የወጣው የምርመራ ሪፖርት ነው። የእንግሊዝ የኃይል ሥርዓት ኦፕሬተር የሆነው ኔሶ በጁላይ ባወጣው ሪፖርት፣ የእሳቱ መነሻ በትራንስፎርመሩ ቡሺንግ ውስጥ የገባ እርጥበት ሳይሆን እንደማይቀር ገለጸ። ቡሺንግ የምንለው ከፍተኛ ቮልቴጅ የተሸከመው ሽቦ በታንኩ ክዳን በኩል የሚወጣበት አንገት ነው፤ ውስጡም ዘይት የጠጣ ወረቀት አለ። ሪፖርቱ ቀጠለና ዋናውን ነገር ተናገረ። በጁላይ 2018 በተወሰደ የዘይት ናሙና ላይ ከፍ ያለ እርጥበት ታይቶ ነበር። ቁጥሩ ተመዝግቧል። እርምጃ ግን አልተወሰደም።

ወደ ሰባት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ያ ቁጥር ፋይል ውስጥ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

ይህን የምጽፈው ከግሬፕቫይን፣ ቴክሳስ ነው። የዲኤፍደብልዩ ኤርፖርት ከፊሉ በዚህች ከተማ ክልል ውስጥ ስለሆነ የሂትሮው ዜና እዚህ ሲሰማ የሩቅ ወሬ አልመሰለም። በዳላስና በፎርት ዎርዝ አካባቢ የምንኖር ሐበሾች መብራት መጥፋት አገር ቤት ጥለነው የመጣን ነገር ይመስለን ነበር። በፌብሩዋሪ 2021 ያ ብርድ ሲመጣ ግን ስንቶቻችን ሻማ ፍለጋ ወጣን! የቴክሳስ ግሪድ ሙሉ በሙሉ ሊወድቅ ከ5 ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ቀርቶት እንደነበር የሰማነው ኋላ ላይ ነው። (የዚያ ጊዜው ጣጣ ከትራንስፎርመር ይልቅ ከማመንጫዎችና ከጋዝ መስመሮች መቀዝቀዝ ጋር የተያያዘ ስለነበር እሱን እንለፈው።)

እኔ በሙያዬ የሶፍትዌር ሰው ነኝ። ሁለተኛ ዲግሪዬን ውጭ አገር ነው የሠራሁት። እንጀራዬን የማገኘው ደግሞ ከላቦራቶሪ የሚመጡ የትራንስፎርመር ዘይት ውጤቶችን የሚያነብና የሚያከማች ፕሮግራም በመጻፍ ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ "ይህ ትራንስፎርመር ስንት ዓመት ቀረው?" የሚለውን ጥያቄ በአንድ ቁጥር እንመልሳለን የሚሉ ብዙ ሻጮች አሉ። ቁጥሩ እውነት አለ። ብቻውን ግን ከሚያስረዳው ይልቅ የሚያሳስተው ይበዛል፤ ትርጉም የሚኖረው ከትራንስፎርመሩ ታሪክ ጋር ሲነበብ ነው። ይህ ለእንግሊዝም ለቴክሳስም እኩል ይሠራል። ለኢትዮጵያ ግን ዋጋው ይከብዳል፤ ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ ወረቀቱ እናውራ። ትልቅ ትራንስፎርመር ከውጭ ሲያዩት ብረት ነው። ውስጡ ግን የመዳብ ጥቅልል ነው፣ መዳቡ ደግሞ በወረቀት ተጠቅልሏል። አዎ፣ በወረቀት። ከእንጨት የሚሠራ ክራፍት የሚባል ቡናማ ወረቀት ነው፤ ከሲሚንቶ ከረጢት ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ይህ ሁሉ በዘይት ተነክሮ ይቀመጣል። ዘይቱ ሙቀቱን ይወስዳል፣ ወረቀቱ ሽቦን ከሽቦ ይለያል። ዘይት ሲቆሽሽ ይጣራል፣ ካልሆነም ይቀየራል። ቡሺንግም ማራገቢያም ይቀየራል። ወረቀቱን ለመቀየር ግን ጥቅልሉን ፈትቶ እንደገና መጠቅለል ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ ትራንስፎርመሩን እንደ አዲስ እንደመሥራት ነው። ስለዚህ በሙያው ያሉ ሰዎች የትራንስፎርመር ዕድሜ የወረቀቱ ዕድሜ ነው ይላሉ።

ወረቀት ሴሉሎስ ነው። ሴሉሎስ ደግሞ የግሉኮስ ፍሬዎች እንደ ጨሌ በረጅሙ የተሰኩበት ሰንሰለት ነው። በአዲስ ወረቀት አንዱ ሰንሰለት በአማካይ ከ1,000 እስከ 1,200 ፍሬ ይኖረዋል፤ ይህ ቁጥር በሙያው ዲፒ ይባላል። ሙቀት፣ እርጥበትና ኦክስጅን ተባብረው ሰንሰለቱን እዚህም እዚያም ይበጥሱታል። ዲፒው ወርዶ 200 አካባቢ ሲደርስ ወረቀቱ አለቀ ይባላል። አለቀ ሲባል ታዲያ ኤሌክትሪክ መከልከሉን አቆመ ማለት አይደለም። ያጣው ጥንካሬውን ነው፤ በጣት ሲነኩት እንደ ደረቀ ቅጠል ይፈረፈራል። ከሰብስቴሽኑ ወጣ ብሎ በሚያልፍ መስመር ላይ ዛፍ ወድቆ ሾርት ቢፈጠር በጥቅልሉ ውስጥ የሚያልፈው ኃይለኛ ከረንት መዳቡን ያናውጠዋል። ጤነኛ ወረቀት ያን ይችለዋል፣ ያረጀው ግን አይችልም። ሰላሳ ዓመት ድምፁን ሳያሰማ የሠራ ትራንስፎርመር በአንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ ድንገት የሚሞተውም አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። ሰውም "መብረቅ መታው" ብሎ ያልፋል።

የእርጅናው ፍጥነት በሙቀት ይወሰናል። በዓለም አቀፉ መስፈርት መሠረት የተለመደው ክራፍት ወረቀት በጣም በሚሞቀው ቦታ ላይ 98 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን በመደበኛ ፍጥነት ያረጃል ተብሎ ይወሰዳል። ከዚያ በላይ በየ6 ዲግሪው ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል። 12 ዲግሪ ካለፈ አራት እጥፍ ነው፤ የአንድ ዓመት ሥራ የአራት ዓመት ዕድሜ ይበላል። እንግዲህ በታንኩ ላይ የተለጠፈው የምርት ዘመን ብዙም አይነግረንም። ቀለል ያለ ጭነት ሲሸከም የኖረ የ40 ዓመት ትራንስፎርመር ከ15 ዓመቱ ጎረቤቱ ወጣት ሊሆን ይችላል። በኖርዝ ሃይድ የተቃጠለው እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ የነበረ ነው፤ ጥፋቱን ያመጣው ግን የልደት ቀኑ አልነበረም።

ወረቀቱን በቀጥታ ለመመርመር ትራንስፎርመሩን ማጥፋት፣ ዘይቱን ማውጣት፣ ከፍቶ ቆርጦ መውሰድ ያስፈልጋል። በደህናው ቀን ይህን የሚያደርግ የለም። ስለዚህ ሐኪም ደም እንደሚወስደው ዘይት ይወሰዳል። ወረቀቱ ሲበጣጠስ ዘይቱ ውስጥ ጥሎት የሚሄደው ነገር አለና። ከሁሉም ታዋቂው ፉርፉራል ነው፤ በላቦራቶሪ ቋንቋ 2-ፋል ይሉታል። ስሙ የመጣው "ፉርፉር" ከሚል የላቲን ቃል ነው፤ የኛ ፍርፍር እንዳይመስላችሁ፣ ፉርሽካ ማለት ነው። በተቆላ ቡና ውስጥም በተጋገረ ዳቦ ውስጥም ይገኛል። እዚህ ግሬፕቫይን ሜይን ስትሪት ላይ ካሉት የወይን ጠጅ ቤቶች ገብታችሁ በኦክ በርሜል የቆየ ወይን ብታዙ እሱም ውስጥ አለ፤ በርሜሉም እንደ ወረቀቱ የእንጨት ልጅ ነው። ትራንስፎርመር ውስጥ የሚለካው መጠኑ በሚሊዮን ውስጥ ስንት ክፍል እንደሆነ ነው፤ ከአንድ በታች የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

እስከዚህ ድረስ ያምራል። የሚያስቸግረው ከፉርፉራል ቁጥር ወደ ዲፒ፣ ከዲፒ ወደ ዕድሜ ስንሻገር ነው።

በዘርፉ በብዛት ከሚጠቀሱት ቀመሮች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1991 የቀረበው የቼንዶንግ ቀመር ነው። ሌላው የዴ ፓብሎ ነው። አንድ ላቦራቶሪ "ዘይታችሁ ውስጥ ያለው ፉርፉራል በሚሊዮን 1 ክፍል ነው" ብሎ ላከ እንበል። ቼንዶንግን ስትጠይቁ ዲፒው 430 ገደማ ነው ይላችኋል። ዴ ፓብሎን ስትጠይቁ ደግሞ 720 ገደማ ይሆናል። የመጀመሪያውን ያመነ መሥሪያ ቤት ስለ አዲስ ግዢ ማሰብ ይጀምራል፣ ሁለተኛውን ያመነ ተኝቶ ያድራል። ናሙናው ግን ያው አንድ ጠርሙስ ነው። ቀመሮቹ ውሸት አይደሉም፤ የተሠሩት በተለያየ ወረቀት፣ በተለያየ ሁኔታና በተለያየ መነሻ ግምት ነው። ፕሮግራም ስንጽፍ ከሁለቱ አንዱን መርጠን ውጤቱን በአረንጓዴና በቀይ ቀለም ስናሳይ፣ ያን ሁሉ ልዩነት ከተጠቃሚው ዓይን እየሰወርን ነው። ይህን ነገር ወደ ኋላ እንደገና አነሳዋለሁ።

ሁለተኛው ችግር የወረቀቱ ዓይነት ነው። በሰሜን አሜሪካ ትራንስፎርመሮች በብዛት የሚጠቀሙት በናይትሮጅን ውህዶች ታክሞ ሙቀትን እንዲቋቋም የተደረገ ወረቀት ነው። ይህ ወረቀት ሲያረጅ የሚለቀው ፉርፉራል በጣም ጥቂት ነው። ቴክሳስ ውስጥ ዝቅተኛ ፉርፉራል አይቶ "ወጣት ነው" የሚል ሰው ራሱን ሊያታልል ይችላል። የሚያስገርመው ደግሞ የስም ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ቁጥር ነው። በአሜሪካው መስፈርት የተሠራውም በዓለም አቀፉ መስፈርት የተሠራውም የጥቅልሉ አማካይ የሙቀት ጭማሪ "65" ሊል ይችላል። የመጀመሪያው የታከመ ወረቀትንና 110 ዲግሪ ጣሪያን ታሳቢ ያደርጋል፤ ሁለተኛው ተራ ክራፍትንና 98ን። ቁጥሩ አንድ ቢሆንም ከጀርባው ያሉት ወረቀቶች ሁለት ናቸው።

ለታከመው ወረቀት መፍትሔ የሚመስል ነገር የመጣው ከካናዳ ነው። የሃይድሮ-ኬቤክ የምርምር ተቋም ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ዘይት ውስጥ የሚገኝ ሜታኖል የወረቀት እርጅና ምልክት ሊሆን እንደሚችል አሳዩ። ሜታኖል ከሁለቱም ወረቀቶች ይወጣል፣ ቀደም ብሎም ይታያል። ግን ቶሎ የሚተን ነገር ስለሆነ የናሙና አወሳሰዱ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የዘይቱ ሙቀት በዚያች ሰዓት ስንት እንደነበረ ካልተጻፈም የዛሬው ውጤት ካለፈው ዓመት ጋር አይወዳደርም። ምክንያቱም እነዚህ ኬሚካሎች ሁሉ በወረቀቱና በዘይቱ መካከል ይመላለሳሉ። ሲሞቅ ወደ ዘይቱ ይወጣሉ፣ ሲበርድ ወደ ወረቀቱ ይመለሳሉ። ካርቦን ሞኖክሳይድና ካርቦን ዳይኦክሳይድም አብረው ይታያሉ፤ እነሱ ግን ከዘይቱም ስለሚመጡ እንደ ዋና ምስክር አልቆጥራቸውም።

ሦስተኛው ችግር ነው ዋናው። እዚህ ዳላስ አካባቢ፣ አገር ቤት በሰብስቴሽን ሥራ ረጅም ዘመን ያሳለፉ ጡረተኛ መሐንዲስ አሉ። ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ ስንቀመጥ ስለዚህ ሥራዬ አጫወትኳቸው። "ጋሼ፣ በግራፉ ላይ ፉርፉራሉ ለዓመታት ሲወጣ ኖሮ ድንገት ዜሮ የሚነካባቸው ትራንስፎርመሮች አሉ፤ ዳታው ተበላሽቶ ይሆን?" አልኳቸው። ሳቁ። "ምን ዳታው ተበላሸ ትላለህ ልጄ፣ ዘይቱን አጥርተውት ነው እንጂ" አሉኝ። ዘይት በማጣሪያ አፈር ሲታከም አሲዱም ዝቃጩም ይወጣል፤ ፉርፉራሉም አብሮ ይሄዳል። ለዘይቱ ጥሩ ነው፣ ለወረቀቱም ጥሩ ነው። የተበጠሰው ሰንሰለት ግን ተመልሶ አልተቀጠለም። በማግሥቱ ናሙና የወሰደ ሰው ወረቀቱ እንደ አዲስ ነው ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ይህን የሚያስቆመው የላቦራቶሪ መሣሪያ አይደለም። ዘይቱ የተጣራበት ቀን አንድ ቦታ ላይ ተጽፎ መገኘቱ ነው።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1960 ቆቃን ካስመረቀች ወዲህ ፊንጫ፣ መልካ ዋከና፣ ግልገል ጊቤ፣ ተከዜ፣ በለስ እያለች መጥታ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለውን የህዳሴ ግድብ መርቃለች። የግድቡ ኃይል በ500 ኪሎ ቮልት መስመር በዴዴሳ አድርጎ ሆለታ ይደርሳል። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዘው መስመር ደግሞ ኬንያ ይገባል። በዚህ መንገድ ላይ ያለ እያንዳንዱ ሜጋ ዋት ከማመንጫው እስከ ምጣዳችን ድረስ በተደጋጋሚ ትራንስፎርመር ውስጥ ያልፋል። ስለ ግድቡ ስናወራ ኮንክሪቱንና ተርባይኑን እናወራለን። ስለ ወረቀቱ ያወራ ሰው አልሰማሁም።

ለምን ዋጋው ይከብዳል ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው። ትልቅ ትራንስፎርመር ዛሬ ብታዝዙ በአሜሪካም ቢሆን ሁለትና ሦስት ዓመት መጠበቅ የተለመደ ሆኗል፤ ዓለም ሁሉ ለመረጃ ማዕከልና ለፀሐይ ኃይል እያዘዘ ነው። ክፍያው በዶላር ነው። ከጅቡቲ ወደብ እስከ ጣቢያው በልዩ ተሽከርካሪ ይጓዛል። ያለጊዜው አርጅቷል ብሎ መቀየር የውጭ ምንዛሪ መጣል ነው፤ ገና ነው ብሎ ማቆየት ደግሞ አንድን ከተማ ጨለማ ውስጥ ሊያስገባ ይችላል። ሁለቱም ስህተት ከፉርፉራል ቁጥር ሊጀምር ይችላል።

የአገራችን የአየር ጠባይም የራሱ ነገር አለው። መስፈርቶቹ የተጻፉት ከባሕር ጠለል እስከ 1,000 ሜትር ላለ ቦታ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ማቀዝቀዝ ይከብደዋል። ስለዚህ ዝቅ ባለ አገር የሚፈተን ትራንስፎርመር በተፈጥሮ አየር የሚቀዘቅዝ ከሆነ በየ400 ሜትሩ፣ በማራገቢያ ከሆነ በየ250 ሜትሩ የሚፈቀደው የሙቀት ጭማሪ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ለማራገቢያው ከ5 ዲግሪ በላይ ይሆናል። ከላይ ያልነውን የ6 ዲግሪ ሕግ አስታውሱ። በሌላ በኩል የአዲስ አበባ አየር ቀዝቃዛ ነው፤ መስፈርቱ ከሚያስበው የ20 ዲግሪ ዓመታዊ አማካይ በታች ስለሆነ ጥቂቱን ይመልስላታል። ሰመራ ላይ ሒሳቡ ሌላ ነው። አየሩ አልሳሳም፣ ግን ይነዳል። ለለንደን ወይም ለፎርት ዎርዝ የተሠራ የዕድሜ ሞዴል እንዳለ ተገልብጦ ሁለቱም ቦታ ላይ ይሠራል ብዬ አላምንም።

አንድ ነገር ግን ላስተካክል። ይህ ሁሉ የኬሚካል ምርመራ የሚያዋጣው ለትልልቆቹ ነው፤ ለማመንጫና ለከፍተኛ ማስተላለፊያ ጣቢያ። የሰፈራችን ምሰሶ ላይ የተሰቀለችውን ትንሿን ትራንስፎርመር ፉርፉራል መለካት ገንዘብ ማባከን ነው። እሷን የሚገድላት የዓውዳመት ዋዜማ ነው፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፣ ሰፈሩ ሁሉ ደግሞ በአንድ ጠዋት ይጋግራል። ለእሷ የሚጠቅመው በክላምፕ ሜትር ጭነቷን ለክቶ መጻፍ ነው።

ወደ ትልልቆቹ ስመለስ ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከል ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ የሚማሩ ብዙ እንዳሉ አውቃለሁ። በየጊዜው "በማሽን ለርኒንግ የትራንስፎርመር ጤና ግምት" የሚል የመመረቂያ ሐሳብ ይዘው ምክር የሚጠይቁኝ አሉ። ሐሳቡን አልጠላውም። ችግሩ ሞዴሉ የሚማርበት መልስ ከየት ይመጣል የሚለው ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የፉርፉራል ቁጥር ይገባል፣ በቼንዶንግ ወደ ዲፒ ይቀየራል፣ ከዚያ ሞዴሉ ያን ዲፒ እንዲተነብይ ይሠለጥናል። በመጨረሻ 98 በመቶ ትክክል ነው ይባላል። እንዴት አይሆንም? ቼንዶንግን ነው እኮ የተማረው! ስለ ወረቀቱ አንዲት አዲስ ነገር አላወቀም። እውነተኛው መልስ ያለው ታንኩ ውስጥ ነው፤ ተቆርጦ የተለካ ወረቀት።

እሱን ለማግኘት ደግሞ ጊዜ አለው። ትራንስፎርመሩ ሲሞት ነው።

በዓለም ላይ ይህ ሥራ የትራንስፎርመር አስከሬን ምርመራ ይባላል፤ ሲግሬ የተባለው ዓለም አቀፍ የኃይል መሐንዲሶች ማኅበርም አሠራሩ ላይ መመሪያ አዘጋጅቷል። ከአገልግሎት የወጣው ተከፍቶ ወረቀቱ ከተለያየ ቦታ ይቆረጣል፤ ዲፒው በላቦራቶሪ ይለካል። ውጤቱ ትራንስፎርመሩ በሕይወት ሳለ ከተወሰደው የመጨረሻ የዘይት ናሙና ጎን ይቀመጣል። ሃያ ሠላሳ እንዲህ ዓይነት ጥንድ ካገኘን ለራሳችን ወረቀት፣ ለራሳችን ከፍታ፣ ለራሳችን ጭነት የሚሆን ቀመር መጀመር ይቻላል። ከውጭ የተገዛ የትኛውም ሶፍትዌር ይህን አይሰጠንም። እኔ የምጽፈውን ጨምሮ።

የሚፈለገው መሣሪያም ከባድ አይደለም። ባሕር ዳር ወይም አዳማ ያለ አንድ የኬሚስትሪ ክፍል ከኤሌክትሪክ ምህንድስናው ክፍል ጋር ሊሠራው የሚችል ነው። ዲፒ የሚለካው ወረቀቱን በልዩ ፈሳሽ አሟሙቶ፣ ፈሳሹ በቀጭን የመስታወት ቱቦ ውስጥ ለመውረድ የሚፈጅበትን ጊዜ በመቁጠር ነው። ከባዱ ፈቃዱና ቅንጅቱ ነው፤ ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ማመንጨትና ከፍተኛ ማስተላለፍ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ማከፋፈል ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሥራ ሆኗል። መሥሪያ ቤት ሲከፈል የትም አገር ፋይልም ይከፈላል። ስለዚህ ዲያስፖራው መርዳት ከፈለገ ከዳሽቦርድ በፊት ስካነር ቢይዝ እመርጣለሁ። የፋብሪካ የሙከራ ሰነዶችን፣ ዘይት የተጣራባቸውን ቀኖች፣ በእጅ የተጻፉ የሙቀት መዝገቦችን ሰብስቦ በአንድ የመለያ ቁጥር ሥር ማስቀመጥ ለመመረቂያ ጽሑፍ አያምርም፤ ያለ እሱ ግን የተቀረው ሁሉ ግምት ነው። ክረምቱን አገር ቤት የሚያሳልፍ ተማሪ ለአንድ ጣቢያ ሊጨርሰው ይችላል።

ለአስከሬን ምርመራው ደግሞ ከጥቅልሉ ላይኛው ጫፍ፣ ከመሃሉና ከታችኛው ጫፍ ወረቀት ይቆረጥ። ከሁሉ የሚሞቀው ላይኛው አካባቢ ስለሆነ በጣም ያረጀው እዚያ ይጠበቃል፤ ዘይቱ የሚነግረን ግን አማካዩን ነው፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ማወቅ የምንፈልገውም ለዚህ ነው። ናሙናው የተቆረጠበት ቦታ በፎቶ ይያዝ፣ አየር በማያስገባ ከረጢት ይታሸግ፣ የመለያ ቁጥሩ ይጻፍበት። ሦስቱ አንድ ላይ በአንድ እጅ መዳፍ ላይ የሚያርፉ ናቸው። የቀረውን ትራንስፎርመር ለመዳብ ነጋዴው መስጠት ይቻላል።